ኤል ኤፍ ፒ ባትሪ ምንድን ነው? አዲሱ ቦልት ያስነሳው ክርክር

ሼቭሮሌት ቦልት እንደ አዲስ ተሠርቶ በኦክቶበር 2025 ይፋ ሲደረግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ የሚከታተለው ሰው ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን ዋጋውን አይቶ ፈነጠዘ። ማጓጓዣውን ጨምሮ 28,995 ዶላር። የመኪና ዋጋ ጣሪያ በነካበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ወገን ግን አንዲት ቁጥር ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። በኩባንያው ግምት በአንድ ቻርጅ 255 ማይል፣ ማለትም 410 ኪሎ ሜትር ገደማ። የድሮው ቦልት እኮ 259 ማይል ይሄድ ነበር! ይህን ያህል ተጠብቆ፣ ያውም "አዲስ" ተብሎ፣ እንዴት አራት ማይል ይቀንሳል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን ከወለሉ ሥር፣ ባትሪው ውስጥ ነው። የባትሪው መጠን (የሚይዘው ጉልበት) ከድሮው ጋር ተቀራራቢ ነው፣ 65 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። የተሠራበት ማዕድን ግን ተቀይሯል። አዲሱ ቦልት የያዘው ኤል ኤፍ ፒ የሚባለውን ባትሪ ነው። በእኔ እምነት ከመኪናው ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ፎቶ ላይ ስለማይታይ ብዙ ሰው አልፎት ሄደ እንጂ።

ኤል ኤፍ ፒ ሲባል ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ማለት ነው። የመኪና ባትሪ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ሴሎች ተደርድረው የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ሴል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ አለው። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ከፖዘቲቩ ወጥቶ ወደ ኔጋቲቩ ይሻገራል። መኪናው ሲነዳ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ኔጋቲቩ ጫፍ በአብዛኛው ግራፋይት ስለሆነ እዚያ ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ባትሪን ከባትሪ የሚለየው ፖዘቲቩ ጫፍ የተሠራበት ማዕድን ነው። የድሮው ቦልት ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበትን፣ ባጭሩ ኤን ኤም ሲ የሚባለውን ዓይነት ይጠቀም ነበር። በኤል ኤፍ ፒ ውስጥ ኒኬልም ኮባልትም የለም። በምትካቸው ያሉት ብረትና ፎስፌት ናቸው። ፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ የምናውቀው ነው። ብረት ደግሞ የትም አለ።

የዋጋው ምስጢር እዚህ ጋ ነው። ኒኬልና ኮባልት ውድ ናቸው፤ የዓለም ኮባልት ትልቁ ድርሻ የሚወጣውም ከአንድ አገር፣ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። እዚያ ያለው የማዕድን ሥራ፣ በተለይ ሕፃናት ጭምር በእጃቸው እየቆፈሩ የሚሠሩበት፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ስም ሲያጎድፍ ኖሯል። ኮባልት የሌለበት ባትሪ ርካሽ ብቻ ሳይሆን ለህሊናም ይቀላል። ይሄ ጉዳይ ከዋጋ ወሬ ኋላ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የሚገርመው ኤል ኤፍ ፒ ትናንት የመጣ ነገር አለመሆኑ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጆን ጉዲነፍ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ነው ያገኘው። ጉዲነፍ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሲጋራ 97 ዓመቱ ነበር፤ በዕድሜ ትልቁ የኖቤል ተሸላሚ ነው። ግኝቱ አሜሪካ ውስጥ ይሁን እንጂ በስፋት አምርቶ ዋጋውን ያወረደው የቻይና ኢንዱስትሪ ነው። የቻይናው መኪና አምራች ቢ ዋይ ዲ በ2020 "ብሌድ" ብሎ ያወጣው ረጅምና ስስ ባትሪ ኤል ኤፍ ፒ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግማሽ ገደማው ኤል ኤፍ ፒ ሆኗል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ቻይና ውስጥ የሚሠራ ነው።

እና ማይሉ ለምን አልጨመረም? ኤል ኤፍ ፒ ከባድ ስለሆነ ነው። የአንድ ኤል ኤፍ ፒ ሴል ቮልቴጅ 3.2 አካባቢ ነው፤ የኤን ኤም ሲው ደግሞ 3.6 ወይም 3.7። በአንድ ኪሎ ክብደት የሚይዘው ጉልበትም ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ 65 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመያዝ የበለጠ ክብደት መሸከም ግድ ነው። በተጨማሪ ሰዉ ያወዳደረው ከማይሆን ነገር ጋር ነው። የአዲሱ ቦልት ቁመና የሚመሳሰለው 259 ማይል ከሚሄደው ትንሹ ቦልት ጋር ሳይሆን ከፍና ረዘም ካለው ቦልት ኢ ዩ ቪ ጋር ነው። እሱ ደግሞ 247 ማይል ነበር የሚሄደው። በዚህ ሒሳብ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እርግጥ ኒሳን በ2025 ያወጣው አዲሱ ሊፍ 303 ማይል ይሄዳል። መነሻ ዋጋውም ከማጓጓዣ በፊት 29,990 ዶላር ነው። ግን ባትሪው 75 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ተለቅ ይላል። ረጅም መንገድ የሚያዘወትር ሰው ሊፍን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

አሁን ስለ እሳት እናውራ፤ የቦልት ታሪክ ያለ እሳት አይወራም። በ2020 እና በ2021 አንዳንድ ቦልቶች ቆመው ሳለ በእሳት ተያያዙ። ምክንያቱ ኤል ጂ በሠራቸው ሴሎች ውስጥ የተገኙ ሁለት የፋብሪካ ጉድለቶች ናቸው፤ የተቀደደ ጫፍና የታጠፈ መለያያ (ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ የሚለይ ስስ ሽፋን) በአንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ አደጋ ይፈጠራል። በኦገስት 2021 የሼቭሮሌት ባለቤት ጀነራል ሞተርስ እስከዚያ የሠራቸውን ቦልቶች በሙሉ፣ 142,000 ገደማ መኪና፣ ለጥገና ጠራ። ባለቤቶቹ የተነገራቸውን እስቲ አስቡት። ከ90 በመቶ በላይ ቻርጅ አታድርጉ። ከ70 ማይል በታች እስኪደርስ አትንዱት። ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ውጭ አቁሙት። ቤት ውስጥ ሌሊት ቻርጅ እያደረጋችሁ አትተኙ። በኋላም የጋራ ማቆሚያ ውስጥ ከሌላ መኪና 15 ሜትር አርቁት ተባለ። ቦልት አናስገባም የሚል ማስታወቂያ የለጠፉ ፓርኪንጎችም ነበሩ። ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ መኪና ለገዛ ሰው ይሄ ውርደት ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አዲሱ ቦልት ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው "ይቃጠላል ወይ?" ብሎ ነው። እዚህ ላይ ኤል ኤፍ ፒ የሚያኮራ መልስ አለው። ኤን ኤም ሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ ከፖዘቲቩ ጫፍ ኦክስጅን ይለቀቃል፤ ኦክስጅን ደግሞ እሳትን ይመግባል። በኤል ኤፍ ፒ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ሙቀቱ በጣም ከፍ ካላለ በቀር አይላቀቅም። ቢ ዋይ ዲ ብሌድን ሲያስተዋውቅ ሚስማር መትቶበት ያለ እሳት ያሳየው በዚህ ተማምኖ ነው። በጭራሽ የማይቃጠል ባትሪ የለም። ኤል ኤፍ ፒም በግጭት ወይም በፋብሪካ ጉድለት ሊቃጠል ይችላል። ሁለቱን አወዳድሩ ከተባለ ግን እኔ ልጆቼ ከሚተኙበት ቤት ሥር የማቆመው ኤል ኤፍ ፒውን ነው።

ሌላው ሰዉን ያስደሰተው የቻርጅ ፍጥነቱ ነው። የድሮው ቦልት ፈጣን ቻርጀር ላይ ቢሰካም ከ55 ኪሎ ዋት በላይ አይቀበልም ነበር። ቡና ጠጥተህ፣ ምሳ በልተህ፣ ስልክህን ጨርሰህ ገና ነው። አዲሱ እስከ 150 ኪሎ ዋት ይቀበላል፤ ከ10 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 26 ደቂቃ ይበቃዋል። መሰኪያውም ቴስላ የሚጠቀምበት ዓይነት ስለሆነ የቴስላ ጣቢያዎች ላይ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይሰካል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። ቻርጀር ላይ የቆመ መኪና ገንዘብ አያመጣም። በዚያ ላይ ኤል ኤፍ ፒ ብዙ ጊዜ ቻርጅ መደረግን ይችላል። በአምራቾች ዝርዝር ላይ ከ3,000 ጊዜ በላይ የሚል ማየት የተለመደ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ መኪና አራት ማይል ከመጨመር ይሄ ይሻላል።

አጠቃቀሙ ላይ ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለኤን ኤም ሲ ባትሪ ምክሩ "በየቀኑ ከ80 በመቶ አታሳልፉ" የሚል ነው። ለኤል ኤፍ ፒ ግን ቴስላ በሳምንት ቢያንስ አንዴ እስከ 100 በመቶ ሙሉት ይላል። ለምን? የኤል ኤፍ ፒ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል አይለዋወጥም። እንደ ፋኖስ ነው፤ ጋዙ ግማሽም ይሁን ሩብ ብርሃኑ ያው ስለሆነ፣ ብርሃኑን አይቶ የቀረውን ጋዝ መገመት አይቻልም። የመኪናው ኮምፒውተርም ቮልቴጁን አይቶ 70 በመቶ ይሁን 40 በመቶ በቀላሉ መለየት ይቸግረዋል። ቮልቴጁ ጎላ ብሎ የሚለወጠው ሲሞላና ሊያልቅ ሲል ነው። አልፎ አልፎ ሲሞላ ሒሳቡን እንደገና ያስተካክላል። ይሄ ካልተደረገ 15 በመቶ ቀረኝ ብላችሁ ስትነዱ ቁጥሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሞልታችሁ ግን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቆየት ኤል ኤፍ ፒንም ያስረጀዋል።

ይሄ ምክር አዲስ አበባ ላለውም አንባቢ ነው። ቦልት እዚያ ላይታይ ይችላል። ግን መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱን የሞሉት የቢ ዋይ ዲ መኪኖች፣ ሲገል፣ ዶልፊን፣ ዩዋን የሚባሉት፣ ብሌድ ባትሪ የተገጠመላቸው ናቸው። ኤል ኤፍ ፒን እኛም በብዛት እየነዳን ነው ማለት ይቻላል። የአየር ጠባያችንም ይመቸዋል። የኤል ኤፍ ፒ ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን ቻርጅ መቀበሉ ይቀንሳል፣ የሚሄደውም ያጥራል። ለዚህ ነው ሚኒሶታና ሚሺጋን ያሉ ሰዎች አዲሱን ቦልት በጥርጣሬ ያዩት፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ግን እንዲህ ያለ ብርድ አያውቅም። እኛ ጋ የሚያስቸግረው ቁልቁለቱ ነው። እንጦጦ አፋፍ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ ከወረዳችሁ፣ በሞተሩ ፍሬን የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መኪናው እንደለመዳችሁት አይያዝላችሁም። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው 90 በመቶ ላይ ነቅሎ ቢወርድ ይሻለዋል።

ቁጥር ስታወዳድሩም ተጠንቀቁ። ቻይና ውስጥ ሲገል 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የሚጻፈው በቻይና መለኪያ ነው፤ ይሄ መለኪያ በጣም ቸር ነው። የቦልቱ 410 ደግሞ ጠንከር ባለው የአሜሪካ መለኪያ ነው። ሁለቱ በወረቀት እኩል ይመስላሉ፣ መንገድ ላይ ግን ፈጽሞ እኩል አይደሉም።

አዲሱ ቦልት ያልተወደደበት ነገርም አለ። የአይፎንን መተግበሪያዎች በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳየው አፕል ካርፕሌይ ወጥቷል። የድሮው ቦልት ነጂዎች የለመዱትን፣ በነጻ የሚያገኙትን ነገር ነው ያጡት። በጣም ተናደዱ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሌላው ቅሬታ የባትሪው ምንጭ ነው። አሜሪካ ከቻይና ጋር በታሪፍ እየተናከሰች ሳለ፣ ጀነራል ሞተርስ ለጊዜው ሴሎቹን ከቻይናው ካትል ኩባንያ እገዛለሁ አለ። ብዙ ሰው "ታዲያ የአሜሪካ መኪና ምኑ ላይ ነው?" ብሎ ጠየቀ። መኪናው የሚገጣጠመው ካንሳስ፣ ፌርፋክስ ፋብሪካ ነው። ኩባንያው ከኤል ጂ ጋር ሆኖ ቴነሲ፣ ስፕሪንግ ሂል ያለውን የባትሪ ፋብሪካ ወደ ኤል ኤፍ ፒ እየለወጠ ነው።

ከሁሉ በላይ ወዳጆቹን ያስቆጣው ግን ጀነራል ሞተርስ ቦልትን የሚሠራው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን መናገሩ ነው። ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተውታል። በኤፕሪል 2023 ምርቱ ይቆማል ተብሎ ነበር። ያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከ62,000 በላይ ቦልት የተሸጠበት፣ የመኪናው ምርጥ ዓመት ነው። ሕዝቡ ሲጮህ፣ ከሦስት ወር በኋላ ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ሜሪ ባራ ቦልት ይመለሳል አሉ። የ7,500 ዶላሩ የፌዴራል ድጎማ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ የለም። የሰዉ ኪስ የሚችለው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ጩኸቱ አሁንም ያስፈልጋል።