ከሌላ ስቴት የሚገዛ መኪናና የጭስ ልቀት ደንብ በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ መኪና የሚገዛበት ስቴትና ታርጋ የሚወጣበት ስቴት የግድ አንድ አይደሉም። የሳን ዲዬጎ ነዋሪ ፊኒክስ ድረስ ሄዶ፣ የሜሪላንድ ነዋሪ ደግሞ ፍሎሪዳ ካለ ዲለር (የመኪና ሻጭ ድርጅት) ጋር በስልክ ተደራድሮ ሊገዛ ይችላል። ለሻጩ ገንዘቡ ከተከፈለና ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ከተፈረመ ጉዳዩ አልቋል። ለገዢው ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው የትኛውን የጭስ ልቀት ደረጃ ማሟላት እንዳለበትና ከመመዝገቡ በፊት ምን ዓይነት ምርመራ ማለፍ እንደሚገባው የሚወስነው ታርጋ የሚሰጠው ስቴት ነው። በአንዱ ስቴት ማንም ሳይጠይቀው ሲነዳ የኖረ መኪና ሌላው ስቴት ሲደርስ ታርጋ ሊከለከል ይችላል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ የሚሆነው አንዳች ብልሽት ሳይኖርበት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ለሌላ ገበያ በመሠራቱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ደረጃዎች እንዴት ተፈጠሩ

የልዩነቱ መነሻ ሎስ አንጀለስ ናት። በጁላይ 1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን የሸፈነው ጭጋግ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ከመሆኑ የተነሳ፣ ጊዜው የጦርነት ነበርና፣ የጠላት የጋዝ ጥቃት ነው ብለው የጠረጠሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ጥፋቱ መጀመሪያ የተላከከው ለሰው ሠራሽ ጎማ ግብዓት በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ቢሆንም፣ ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ጭጋጉ አብሮ አልጠፋም። ምስጢሩን የፈታው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ትውልደ ኔዘርላንዳዊ ኬሚስት አሪ ሀገን ስሚት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባደረገው ምርምር፣ ከመኪና ጭስና ከነዳጅ ትነት የሚወጣው ሃይድሮካርቦን በፀሐይ ብርሃን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ኦዞን እንደሚፈጥር አሳየ። በተራራ የተከበበችውና ፀሐይ የማይለያት ሎስ አንጀለስ ለዚህ ዓይነቱ ውህደት የተመቸች ሆና ተገኘች።

ካሊፎርኒያ በ1966 በአገሪቱ የመጀመሪያውን የመኪና ጭስ ደረጃ አወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት በ1967 ደግሞ በገዥው ሮናልድ ሬገን ፊርማ የአየር ሀብት ቦርዷን አቋቋመች። የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀመንበርም ሀገን ስሚት ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ ስቴቶች የየራሳቸውን የአዲስ መኪና ደረጃ እንዳያወጡ ሲከለክል፣ ቀድማ ለጀመረችው ለካሊፎርኒያ ብቻ ከፌዴራል መንግሥት የተለየ ፈቃድ እየጠየቀች የራሷን ደረጃ እንድታወጣ በር ተወላት። የመኪና ፋብሪካዎች ከሁሉም በላይ የፈሩት ሃምሳ ስቴት ሃምሳ ዓይነት መኪና እንዲሠሩ መገደድን ነበርና፣ ሁለት ደረጃ ብቻ የሚፈቅደው ይህ መፍትሔ እነርሱንም የሚያስማማ ነበር። በ1977 የንጹሕ አየር ሕግ ሲሻሻል 177ኛው ክፍል ተጨመረና ሌሎች ስቴቶች የፌዴራሉን ወይም የካሊፎርኒያን ደረጃ እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ ሦስተኛ ደረጃ መፍጠር ግን አይችሉም። ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርዚ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኮሎራዶና ሌሎችም በተለያየ ጊዜ የካሊፎርኒያን መርጠዋል።

በገበያው ላይ «የ49 ስቴት መኪና» እና «የ50 ስቴት መኪና» የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። የመጀመሪያው የፌዴራሉን ደረጃ ብቻ አሟልቶ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው የካሊፎርኒያንም ጨምሮ ስለሚያሟላ የትም ሊመዘገብ ይችላል። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት መኪኖች በካታሊቲክ ኮንቨርተራቸው (ጭሱን በሚያጣራው ክፍል)፣ በሴንሰራቸው ወይም በኮምፒውተራቸው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ከውጭ በማየት ብቻ ግን ማንም አይለያቸውም።

የ7,500 ማይል ድንበር

ካሊፎርኒያ ነዋሪዎቿ ድንበር ተሻግረው ርካሹን የ49 ስቴት መኪና እንዳያስገቡ የከለከለችው በማይል ቆጣሪው ነው። አንድ ነዋሪ ወይም በስቴቱ ያለ ድርጅት መኪናውን ባገኘበት ቀን ቆጣሪው ከ7,500 ማይል (12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች ካነበበ፣ መኪናው በሌላ ስቴት ታርጋ የነበረውና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት ላይ የደረሰ ቢሆን እንኳ በሕግ ዓይን «አዲስ» ነው፤ የካሊፎርኒያን ደረጃ ካላሟላም የስቴቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት (ዲ ኤም ቪ) አይመዘግበውም። ቁጥሩ 7,500 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ያገለገለ መኪና ነውና የፌዴራሉን ደረጃ ማሟላቱ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ የሚለካበት ቀን ላይ ነው። የሚታየው መኪናው የተገዛበት ቀን እንጂ ለምዝገባ የቀረበበት ቀን ስላልሆነ፣ 6,000 ማይል ላይ የገዛ ሰው የጎደለውን እየነዳ ቢሞላው አይጠቅመውም። በሽያጩ ቀን የነበረው ንባብ በታይትሉ ወይም በሽያጩ ሰነድ ላይ ሰፍሯል፤ ዲ ኤም ቪም የሚያየው እሱን ነው። በዚህ ምክንያት ታርጋ የተከለከለ ሰው የሚቀረው አማራጭ መኪናውን ከስቴቱ ውጭ መልሶ መሸጥ ነው፤ በግዢው ያተረፈው ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀልጣል።

ይህ እንዳይደርስበት የሚፈልግ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የልቀት ማረጋገጫ ጽሑፉን ማንበብ አለበት። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በኮፈኑ የውስጥ ገጽ ወይም በራዲያተሩ አካባቢ የተለጠፈ ሲሆን፣ የሞዴሉን ዓመት፣ የሞተሩን መጠንና መኪናው የየትኛውን ደንብ እንዳሟላ ይናገራል። የካሊፎርኒያ ስም በግልጽ ከተጠቀሰ ጉዳዩ አልቋል፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ብቻ ከተጠቀሰ የ49 ስቴት መኪና ነው። ዲለሩ «ችግር የለውም፣ የትም ይመዘገባል» ማለቱ ዋስትና አይሆንም፤ ፎቶ አንስተው እንዲልኩ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

ደንቡ የራሱ መውጫዎች አሉት። ወደ ካሊፎርኒያ ገና የሚዛወር ሰው፣ ቀድሞ በሚኖርበት ስቴት በስሙ አስመዝግቦ ይነዳው የነበረውን መኪና ማይሉ ምንም ያህል ቢያንስ ይዞ መግባት ይችላል። በውርስ የተገኘ፣ በፍቺ ውሳኔ ለአንደኛው ወገን የተሰጠ፣ ወይም ባለቤቱ ከስቴቱ ውጭ ሳለ የካሊፎርኒያ መኪናው ተሰርቆበት ወይም ከጥቅም ውጭ ሆኖበት በምትኩ የገዛው መኪናም ከክልከላው ነፃ ነው፤ ከስቴቱ ውጭ ለተመደቡ የጦር ሠራዊት አባላትም የተለየ አንቀጽ አለ። ክልከላው ያለ ርኅራኄ የወጣ ቢመስልም፣ የማይሉ ገደብ ባይኖር ኖሮ የድንበር ከተማ ዲለሮች ደረጃውን በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ ያሳጡት ነበር።

ያገለገለ መኪና በስሞግ ምርመራ ፊት

ከ7,500 ማይል በላይ የሄደ መኪና የመጀመሪያውን በር ቢያልፍም ሁለተኛው ይጠብቀዋል። ካሊፎርኒያ ከ1984 ጀምሮ «ስሞግ ቼክ» የሚባለውን የጭስ ምርመራ ታካሂዳለች። ስምንት ሞዴል ዓመት ያላለፋቸው የቤንዚን መኪኖች በየሁለት ዓመቱ ከሚደረገው ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ስቴት የሚመዘገብ የ1976 ወይም ከዚያ በኋላ ሞዴል የሆነ የቤንዚን መኪና ግን መመርመር ይኖርበታል። የ1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ጨርሶ አይመረመሩም፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ይህን ዓመት በቃላቸው የሚይዙት ያለ ነገር አይደለም።

የ2000ና ከዚያ በኋላ ሞዴል የሆኑ የቤንዚን መኪኖች የሚመረመሩት በዋናነት የመኪናውን ኮምፒውተር በማንበብ ነው። «ቼክ ኢንጅን» መብራት መጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ የካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩንና የሌሎችንም ክፍሎች ፍተሻ በራሱ ጨርሶ መዝግቦ መገኘት አለበት። ባትሪው ከተነቀለ ወይም የብልሽት ኮዱ በመሣሪያ ከተሰረዘ ይህ መዝገብ ባዶ ይሆናል፤ በካሊፎርኒያ ደንብ ሳይጠናቀቅ ሊቀር የሚፈቀደው የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያው ፍተሻ ብቻ ነው። በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣና በመንገድ ላይ ባትሪው የሞተ ጤነኛ መኪና ልክ እንደ ወረደ ቢመረመር የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ለተወሰኑ ቀናት በከተማም በፈጣን መንገድም መንዳት፣ ሌሊቱንም ሞተሩ በደንብ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነው። ከጁላይ 2019 ወዲህ ደግሞ በመሣሪያ የማይሰረዙ ቋሚ የብልሽት ኮዶች ስለሚታዩ፣ ሻጩ መብራቱን ለሽያጩ ቀን ብቻ አጥፍቶት ከሆነ ይጋለጣል።

ከሁሉም ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ግን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ነው። ኮንቨርተር ከውስጡ ባለው ውድ ማዕድን ምክንያት በብዛት ይሰረቃል፣ በእርጅናም ይደክማል፤ ባለቤቱም በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ ርካሽ ምትክ ያስገጥማል። ያ ምትክ በፌዴራል ደንብ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ የምትቀበለው ግን ከፋብሪካው የመጣውን ወይም የአየር ሀብት ቦርዱ ለዚያ የሞተር ዓይነት ፈቅዶ የፈቃድ ቁጥር የሰጠውን ብቻ ነው። መርማሪው የእጅ ባትሪና መስተዋት ይዞ ከመኪናው ሥር ገብቶ በኮንቨርተሩ ገላ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ካጣው የኮምፒውተሩ ንባብ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መኪናው በዓይን ምርመራ ይወድቃል። የተፈቀደው ምትክ ዋጋ ከተራው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ ላይ በሁለት ሺህ ዶላር ርካሽ የተገኘ መኪና ትርፉ በዚህች አንዲት ዕቃ ሊያልቅ ይችላል። ኒው ዮርክ፣ ሜይንና ኮሎራዶም ተመሳሳይ የኮንቨርተር ደንብ አላቸው።

መኪናው በስቴቱ ውስጥ ቢሸጥ ኖሮ የስሞግ ማረጋገጫውን ማቅረብ የሻጩ ግዴታ ይሆን ነበር። የሌላ ስቴት ሻጭ ይህ ግዴታ ስለሌለበት ዕዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ገዢው ይዞራል። ሞተሩ በሌላ ሞተር የተተካ ወይም ከውጭ አገር የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ የሚያየው ተራው የምርመራ ጣቢያ ሳይሆን በስቴቱ የተሰየመ ልዩ መርማሪ ነው።

በሌሎች ስቴቶች

የካሊፎርኒያን ደረጃ መምረጥና የሚነዱ መኪኖችን በየጊዜው መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋሽንግተን ስቴት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ከ2009 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና የካሊፎርኒያን ደረጃ እንዲያሟላ ትጠይቃለች፣ ከ7,500 ማይል በታች ያለውንም እንደ አዲስ ትቆጥራለች፤ የጭስ ምርመራ ፕሮግራሟን ግን ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ዘግታለች። ፍሎሪዳ ምርመራውን በ2000 አቁማለች። በቴክሳስ ደግሞ የጭስ ምርመራ ያለው ሂዩስተንንና ዳላስን በመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች አካባቢ ባሉ ካውንቲዎች ብቻ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር ይገናኛሉ። ሜሪላንድ የካሊፎርኒያን ደረጃ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ትከተላለች፤ ያገለገለ መኪና ታይትል ሲወጣለት በስቴቱ ፈቃድ ባለው ጋራዥ የተሰጠና ከ90 ቀን ያላለፈ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች፣ በአብዛኞቹ ካውንቲዎቿም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ቨርጂኒያ ለደኅንነት በየዓመቱ ትመረምራለች፤ የጭስ ምርመራው ግን አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ ፌርፋክስንና ጎረቤቶቻቸውን ብቻ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ሪችመንድ ላይ ለዓመታት ያለ ጭስ ምርመራ የተነዳ መኪና አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሲገዛው ለመጀመሪያ ጊዜ የጭስ ምርመራ ፊት ይቀርባል፤ በአንድ ስቴት ውስጥ ሆኖ ማለት ነው። ዲሲ የግል መኪናን የደኅንነት ምርመራ ትታ የጭሱን ብቻ በየሁለት ዓመቱ ታካሂዳለች።

ግብሩም የሚከተለው ምዝገባውን ነው። በኦሪገን የሽያጭ ታክስ የለም ብሎ እዚያ የገዛ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሲያስመዘግብ የአጠቃቀም ግብር ይከፍላል፤ ለሌላ ስቴት የከፈለው ካለ ይታሰብለታል።

ደረጃዎቹ እየተቀራረቡ ሲመጡ

«ቲር 3» የሚባለው አዲሱ የፌዴራል ደረጃ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ከካሊፎርኒያው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ስለወጣ፣ ዛሬ ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ የ50 ስቴት መኪኖች ናቸው። የ7,500 ማይሉ ደንብ አሁን የሚይዘው በአመዛኙ አንዳንድ የጭነት መኪኖችንና ሞተር ብስክሌቶችን ነው። በፖለቲካው በኩል ግን ክርክሩ አልበረደም። የትራምፕ አስተዳደር በ2019 የካሊፎርኒያን ልዩ ፈቃድ ሲሰርዝ የባይደን አስተዳደር በ2022 መለሰው፤ በጁን 2025 ደግሞ አዲስ መኪና ቀስ በቀስ ከነዳጅ እንዲላቀቅ የሚያዝዘውን ደንብ ፈቃድ የሚሽር የኮንግረስ ውሳኔ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ተፈረመ፣ ካሊፎርኒያና ሌሎች ስቴቶችም በዚያው ዕለት ክስ መሠረቱ። ቨርጂኒያ በበኩሏ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የካሊፎርኒያን ደረጃ እንደማትከተል ቀደም ብላ አስታውቃለች። እነዚህ ውዝግቦች የሚመለከቱት ወደፊት የሚሠሩትን መኪኖች ነው፤ በዲለር ግቢ ቆሞ ገዢ የሚጠብቅ መኪና አሁንም የሚዳኘው በተለጠፈበት ጽሑፍ፣ በማይሉና በማርሚታው መስመር ላይ በተገጠመው ኮንቨርተር ነው።