ኦፕቲካል ታኮሜትር ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ወፍጮ ቤት ወይም ቶርኖ ቤት ብትገቡ፣ ሞተሩ “ደህና ነው” ወይም “ደክሟል” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ ነው። የባለሙያ ጆሮ አይናቅም። ቁጥር ግን አይሰጥም። ቁጥሩን የሚሰጠው ኦፕቲካል ታኮሜትር ነው፦ ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሳይነካው፣ በብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ።

ሞተሩ ቆሞ እያለ ሻፍቱ ላይ ትንሽ አንጸባራቂ ፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ማነጣጠር ነው። መሣሪያው የኤልኢዲ ወይም የሌዘር ብርሃን ይልካል። ፕላስተሩ ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ተመልሶ ፎቶዳዮዱ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ላይ ያርፋል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። በሰከንድ 24 ምት ከመጣ፣ በ60 ሲባዛ በደቂቃ 1440 ዙር ማለት ነው። ማሽን ላይ በቋሚነት የሚገጠመው ዓይነት ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ያለው ዲስክ ይጠቀማል። እዚያ ላይ ውጤቱን ለቀዳዳዎቹ ብዛት ማካፈል ያስፈልጋል።

1440ን ዝም ብዬ አላመጣሁትም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ባለ 4 ፖል (ሁለት ጥንድ የማግኔት ዋልታ ያለው) ኢንዳክሽን ሞተር ውስጥ ማግኔታዊው መስክ የዚህን ግማሽ፣ በሰከንድ 25፣ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ ጭነት ሲኖርበት ከ1500 ትንሽ ዝቅ ብሎ ይዞራል። የሞተሩ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ዲያሜትሩ 15 ሳንቲሜትር፣ የወፍጮው 30 ከሆነ፣ ወፍጮው 720 አካባቢ መዞር አለበት። ሞተሩ 1440 እያሳየ ወፍጮው 650 ከሆነ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ሞተር ለማስጠቅለል ከመሮጥ በፊት ይቺን ማየት ነው።

መሣሪያው ብልጭታ ከመቁጠር ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ሻፍቱ ራሱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አንዱን ዙር ሁለት ሊለው ይችላል፤ ጥቁር ቀለም መቀባት ይረዳል። የድሮ ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በመሣሪያው ሒሳብ 6000 ዙር! ጥርጣሬ ካለ የቆመ ሻፍት ላይ አነጣጥሩ። ቁጥር ከሰጠ ችግሩ መብራቱ ነው።

በጣም ቀርፋፋ ነገርም ያስቸግረዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ክንፎች በደቂቃ 20 ዙር እንኳ አይሞሉም። በአንድ ምልክት ብቻ ቢለካ ከምት እስከ ምት ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምልክቱን ማብዛት ያዋጣል።

በእጅ ለሚያዘው ዓይነት ሌንሱን መጥረግ በቂ ነው። ለሁልጊዜ የሚገጠም ከሆነ ግን፣ ዱቄት በሚቦንበት ወፍጮ ቤት እኔ ኦፕቲካሉን አልመርጥም። የብረት ጥርስ የሚቆጥረው ማግኔቲክ ሴንሰር ዱቄቱም የአዳማ አቧራም ግድ አይሰጠውም።