ሙያ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ስታገኙ ሥራውን ጠይቁት። «ባጃጅ ነው» ይላል። ሙያውን ብትጠይቁት ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አንዱ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል። ሌላው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሌላው ብየዳ ያውቃል። ማንም አልዋሸም። የጠየቃችሁት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሕገ መንግሥታችን ሳይቀር ለይቶ ነው የጻፈው። አንቀጽ 41 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መተዳደሪያ ኑሮ የሚገፋበት ነው፤ በተለምዶ «እንጀራዬ» የምንለው። ሱቅም ሊሆን ይችላል፣ የቤት ኪራይም፣ ጅቡቲ ያለች እህት የምትልከው ገንዘብም። ሥራ ደግሞ ዛሬ የተያዘው ነው፤ ነገ ሊለቁት፣ ሊባረሩበትም ይችላሉ። ሙያ ግን ሰው ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ እጁና ጭንቅላቱ ውስጥ ያስገባው ችሎታ ነው። «ሥራ አጥ» የምንለው ሰው ሙያ ሊኖረው ይችላል። ብዙዎቹ አላቸውም።

ለዚህ ከድሬዳዋ ምድር ባቡር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ስለከበደ ከተራራው ሥር ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ። የባቡሩ ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። እዚያ የገባ ሰው ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ፣ መበየድ፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም ይማር ነበር። ፈረንሳይኛም አብሮ ይመጣል፤ የኩባንያው ቋንቋ ነበርና። ኋላ አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ሲያቆም ሥራው ቆመ። ቶርኖ የሚያውቅ እጅ ግን ቶርኖ ማወቁን አያቆምም። ጋራዥ ይዞት ይገባል፣ ለልጁ ያስተምረዋል። በእርግጥ ሙያም ያረጃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚፈልገው ሌላ ዕውቀት ነው። ባለሙያ መሆን ማለት መማርን አለማቆምም ነው።

ሙያ ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት አይመጣም። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረደሩት ሙዳዮችና ስፌቶችም የሴቶች እጅ ሥራ ናቸው፤ ልጅ ከእናቷና ከአክስቷ እያየች የምትማረው።

ሰፈር ውስጥማ «ባለሙያ ናት» ሲባል መጀመሪያ የምናስበው ወጧ የሚጣፍጥ፣ እንጀራዋ ዓይን ያወጣ ሴት ነው። ያቺው ሴት ቀበሌ ስትሄድ መታወቂያዋ ላይ «የቤት እመቤት» ተብሎ ይጻፍላታል። ጎረቤት የመሰከረላትን ሙያ ወረቀቱ አያውቀውም። ይህ ያሳዝነኛል።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በዚህ አገር ብዙ ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ ሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ሙያ ሌላም ነገር አለው፤ ኃላፊነት። ሐኪም ሲመረቅ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቃል። ጥሩ ግንበኛ ሲሚንቶ ቀንስ ሲባል «ሙያዬ አይፈቅድልኝም» ይላል። ከሥራ ጋር ይህን ዓረፍተ ነገር ሞክሩት፤ አይሄድም። ሥራን የሚያዘው አለቃ ነው። ሙያ ግን አለቃም ሲያዝ እምቢ የሚያሰኝ ልክ አለው።

ጥሪስ? ፈረንጆቹ ሙያን የሚጠሩበት አንዱ ቃላቸው፣ «ቮኬሽን»፣ ከላቲን የመጣ ሲሆን «መጠራት» ማለት ነው። መጀመሪያ የሚባለው ለካህንና ለመነኩሴ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር ጫማ ሰፊውም ገበሬውም በየሥራቸው በእግዚአብሔር የተጠሩ ናቸው ብሎ አሰፋው። እኛ ጋ ጥሪ አሁንም የሃይማኖት ሽታ አለው። ሐረር ውስጥ የአውሊያዎቹን፣ የሙስሊም ቅዱሳኑን፣ ስፍራ የሚጠብቁት ሙሪዶች እንዲህ ያሉ ናቸው። ከሃይማኖት ውጭም አለ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ማንም ሳይቀጥራቸው የሐረርን ጥንታዊ ቅርሶችና በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ ቤታቸው ነበር፤ ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። የተጎዱት መጻሕፍት እዚያ ይጠገናሉ፣ ይደጎሳሉም። መጠገኑ ሙያ ነው። ሳይከፈላቸው እንዲጀምሩ ያደረጋቸው ነገር ደግሞ ጥሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ጥሪ የደመወዝ ምትክ አይደለም። መምህርና ነርስ ስለ ክፍያ ሲያነሱ «ይሄ እኮ የተቀደሰ ሙያ ነው» ብሎ አፍ ማስያዝ ልማድ ሆኗል። የተቀደሰ ከሆነ ይበልጥ ሊከፈልበት ይገባል፤ የቤት ኪራይ በምርቃት አይከፈልም።

ሌላው የሚከነክነኝ፣ የፈተና ነጥብ ያልመጣለትን ልጅ «ቴክኒክና ሙያ ግባ» የምንልበት ድምፅ ነው፤ እንደ ቅጣት። አቦ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ሌሊት የምንደውለው ለማን ነው?

ሙያውን በልምድ ለያዘም መንገድ አለ። በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና በዋናነት የሚያየው የት እንደተማራችሁ ሳይሆን መቻላችሁን ነው። አባቱ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክም፣ መኪና ግርግር ላይ የለመደ ልብስ ሰፊም ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይችላል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው፤ በደረጃም የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የትኛው ደረጃ እንደሚመጥናችሁ በቅርባችሁ ያለውን ፖሊቴክኒክ ወይም የምዘና ማዕከል ጠይቁ።