የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ተውኔትና ፊልም በዩኒቨርሲቲ

የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ተውኔትና ፊልም ዛሬ በበርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንዳንዴ በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር ተጠቃለው፣ አንዳንዴም በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ተከፋፍለው የሚሰጡ የጥናት መስኮች ናቸው። ሦስቱም ወደ ዩኒቨርሲቲው የገቡት ግን በአንድ ዘመንም በአንድ በርም አይደለም፤ ሥነ ጽሑፉ የታሪክ ትምህርትን ተጠግቶ፣ ተውኔቱ በጽሕፈትና በመድረክ ልምምድ፣ ፊልሙ ደግሞ ከኢንዱስትሪው ጋር ተሻርኮ ነው የገባው። ይህ የአገባብ ልዩነት እስከ ዛሬ በሥርዓተ ትምህርቱም ሆነ በሚሰጠው ዲግሪ ላይ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ኮሌጆች ግሪክኛና ላቲን ያስተምሩ ነበር፤ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ዘግይቶ የገባ ሲሆን፣ የገዛ አገራቸው ድርሰት ዲግሪ የሚሰጥበት ነገር ነው ብሎ ያሰበ ምሁር ጥቂት ነበር። በ1878 የአገሪቱን የቅኝ ግዛት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያሳተመው ሞዝስ ኮይት ታይለር ሦስት ዓመት ቆይቶ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሾመው በሥነ ጽሑፍ ሳይሆን በአሜሪካ ታሪክ ፕሮፌሰርነት ነው። የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1883 ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ የተለየ ቡድን የተቋቋመው በ1921፣ መስኩ የራሱን ምሁራዊ መጽሔት በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ደግሞ በ1929 ነው።

ዩኒቨርሲቲው የተዘጋጀ የታላላቅ ድርሰቶች መደርደሪያ አልተረከበም፤ መደርደሪያውን የሠራው በአብዛኛው ራሱ ነው። ለዚህ ከሄርማን ሜልቪል የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ1851 የታተመው የዓሣ ነባሪ አደን ልቦለዱ እሱ በሕይወት ሳለ አራት ሺህ ቅጂ እንኳ አልተሸጠም። ደራሲው በኒው ዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ 19 ዓመት ሠርቶ በ1891 ሲሞት ያስታወሰው ሰው ጥቂት ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሬይመንድ ዊቨር፣ በሥራ ባልደረባው በካርል ቫን ዶረን ገፋፊነት፣ የሕይወት ታሪኩን በ1921 አሳተመ፤ ለዚህም ሲል ከደራሲው የልጅ ልጅ ዘንድ የተቀመጡ ወረቀቶችን ሲያገላብጥ ማንም የማያውቀው ያልታተመ አጭር ልቦለድ አገኘና በ1924 ለኅትመት አበቃው። ከዚያ በ1941 የሐርቫርዱ ኤፍ ኦ ማቲሰን ኤመርሰንን፣ ቶሮን፣ ሆውቶርንን፣ ሜልቪልንና ዊትማንን በአንድ ዘመን የበቀሉ አምስት ዋርካዎች አድርጎ ሲያቀርብ፣ ምርጫው ለአንድ ትውልድ የትምህርት ክፍሎች መመሪያ ሆኖ ቀረ።

አምስቱም ነጭ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹና ጥቁሮቹ ደራስያንስ የት አሉ የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የተነሣው ከጥቁሮች የመብት ትግል ጋር ሲሆን፣ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ተማሪዎች ያደረጉት የወራት አድማ ለጥቁሮች ጥናት ክፍሎች መንገድ ከፈተ። በ1960 በድህነት የሞተችው የጥቁሯ ደራሲ የዞራ ኒል ኸርስተን ዕጣ ለውጡ ምን ያህል እንደነበር ያሳያል። በ1937 የወጣው ዋና ልቦለድዋ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር መምህራን ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ያስተምሩት ነበር፤ ደራሲዋ አሊስ ዎከር መቃብሯን ፈልጋ ድንጋይ አቁማላት፣ በ1975 ስለ እርሷ ከጻፈች በኋላ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1978 ልቦለዱን እንደገና አሳተመው። ዛሬ ይህ መጽሐፍ የማይነበብበት የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ማግኘት ይከብዳል።

ትምህርቱ በተለምዶ በሁለት የዳሰሳ ኮርሶች ይጀመራል፤ መለያያቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ ያበቃበት 1865 ነው። የመጀመሪያው ከቅኝ ገዥዎች ስብከት፣ ከነባር ሕዝቦች ቃላዊ ትረካና ባሮች ራሳቸው ከጻፉት የሕይወት ታሪክ ይነሣል፤ ሁለተኛው እስከ ዘመናችን ይዘልቃል። ከዳሰሳው በኋላ ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚከራከሩበት ሴሚናር ይመጣል። ፈተናው ቀንና ስም መሸምደድ ሳይሆን፣ አንድን አንቀጽ ይዞ ጸሐፊው ይህን ቃል ለምን መረጠ እያሉ መመርመርና ከአሥር እስከ ሃያ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ማቅረብ ነው።

በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የኤምሊ ዲኪንሰን ግጥሞች ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። ገጣሚዋ ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋ በሕይወቷ ሳለች የታተሙላት አሥር ያህል ብቻ ናቸው። በ1890 የመጀመሪያውን መድበል ያወጡት አርታኢዎች ቤት አልመታም ያሉትን ስንኝ አስተካክለው፣ በየቃሉ መካከል የምታሰምራቸውን አጫጭር ሰረዞች በነጠላ ሰረዝና በነጥብ ተክተው፣ እሷ ያልሰጠቻቸውንም ርእስ ሰጧቸው። ሰረዞቹ ወደ ቦታቸው የተመለሱት ቶማስ ጆንሰን በ1955 ባዘጋጀው እትም ነው። ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ እስትንፋሱ የሚቆምበት ቦታ እንደሚለያይ ወዲያው ይገነዘባል፤ የትኛውን እትም መጥቀስ እንዳለበትም ከዚያ ይማራል።

የተውኔቱ መግቢያ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ጆርጅ ፒርስ ቤከር በሐርቫርድ የተውኔት አጻጻፍ ኮርሱን የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ የኮርሱ ቁጥር 47 ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከፈተው የመድረክ ልምምድም በዚያው ቁጥር ይታወቃል። ተመልካቹ በግብዣ ብቻ የሚገባ ሆኖ፣ የመግቢያ ዋጋው ካየ በኋላ አስተያየቱን በጽሑፍ ማቅረብ ነበር፤ ጸሐፌ ተውኔቱ አስተያየቶቹን አንብቦ ሥራውን ያሻሽላል። በ1914 ትምህርቱን ከጀመሩት አንዱ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዩጂን ኦኒል ነው። ሐርቫርድ ለትያትር ሕንፃም ለዲግሪም ፈቃደኛ ባለመሆኑ ቤከር በ1925 ወደ ዬል ሄደ፤ እዚያ ባለጸጋው ኤድዋርድ ሃርክነስ የሰጠው አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠብቀው ነበር። የዬል ትያትር ቤት ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ የጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰንን የመጀመሪያ ታላቅ ሥራ ያቀረበ ሲሆን፣ ሥራው በዚያው በ1984 የኒው ዮርክ ታላላቅ ትያትር ቤቶች ወደሚገኙበት ብሮድዌይ አልፏል።

በእኔ ግምት ከሦስቱ መስኮች በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገቢውን ያላገኘው ይኸው ተውኔት ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን እንደ ልቦለድ ያነቡታል፤ የትያትር ክፍሎች ደግሞ ዝግጅቱ ላይ ሲያተኩሩ ጽሑፉን በታሪክ ውስጥ ለማስቀመጥ ጊዜ ያጥራቸዋል።

ፊልምን በተመለከተ ኮሎምቢያ በ1915 ለፊልም መጻፍን የሚያስተምር ኮርስ ከፍቶ ነበር፤ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦስካርን ከሚሰጠው አካዳሚ ጋር በመተባበር የፊልም ትምህርቱን በ1929 ጀመረ። ይሁንና ፊልምን እንደ ጽሑፍ ደጋግሞ ማጥናት ለረጅም ጊዜ የማይሞከር ነገር ነበር፤ አንድ ፊልም ከሲኒማ ቤት ሲወርድ ወዴት እንደሚገባ አይታወቅም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1935 የፊልም ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሙ ለመምህራን ትልቅ ነገር ሆነላቸው። የጠፋው ግን ብዙ ነው፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት 10,919 ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች በቀድሞ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን ፊልም የሚሰጥ ማንኛውም ድምዳሜ የተረፈውን ብቻ ይዞ የሚነገር ነው።

የፊልም ትምህርት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። በ1970ዎቹ በዚያ የተሰበሰቡ ጥቁር ተማሪዎች የሆሊውድን መንገድ ትተው በራሳቸው ሰፈር፣ ራሳቸው ካሜራና ድምፅ እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። ቻርልስ በርኔት ለመመረቂያ ያቀረበው ፊልም ቅዳሜና እሑድ በሎስ አንጀለሱ የዋትስ ሰፈር የተቀረጸ ሲሆን፣ የዘፈኖቹ የቅጂ መብት ስላልተከፈለ እስከ 2007 ድረስ ሲኒማ ቤት በሰፊው ሳይታይ ቆየ፤ ሆኖም በ1990 ሊጠበቁ የሚገባቸው የአሜሪካ ፊልሞች ከሚሰፍሩበት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። በ1946 ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበር። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ጸሐፌ ተውኔት ገሪማ ታፈረ ናቸውና ተውኔትን ያወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በመጀመሪያ ቺካጎ ትወና ተምሮ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1974 የንጉሡ ሥርዓት ሲንገዳገድ ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። በ1975 ደግሞ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረና ለብዙ ዓመታት በዚያው ቆየ።

በዲግሪው በኩል፣ ምርምር የሚመርጥ ተማሪ ዶክትሬት ለማግኘት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ ይቆያል፤ መጻፍ፣ ማዘጋጀት ወይም መቅረጽ የሚፈልገው ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት በሚፈጀው የኪነ ጥበብ ማስተርስ ያበቃል። ባለፉት አሥርት ዓመታት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚመረቁት ቁጥር ክፉኛ ቢያሽቆለቁልም የፈጠራ ጽሑፍ ክፍሎች ተፈላጊነት ግን አልቀነሰም። ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ደራስያን ዲናው መንግሥቱ ከኮሎምቢያ፣ መዓዛ መንግሥቴ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጡት በዚሁ በኩል ነው። የመጀመሪያው በ2007 ባሳተመው ልቦለድ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛን ሲተርክ፣ የሁለተኛዋ መጽሐፍ ስለ ጣሊያን ወረራ ሆኖ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ተርታ ገብቷል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ፣ በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ወይስ በስደት ጥናት ማስተማር እንደሚገባ የትምህርት ክፍሎች አንድ አቋም የላቸውም፤ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው የኮርሱን ዝርዝር በሚያዘጋጀው መምህር ላይ ነው።