ውዝፍ ጥገና ምንድን ነው? ባቡርን ሳይታይ የሚጥለው ዕዳ

ውዝፍ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። የውሃ ወይም የመብራት ሂሳብ ልንከፍል ሄደን ከጠበቅነው በላይ ቁጥር ሲነገረን፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውዝፍ ነው። ያለፈው ወር አልተከፈለም፣ የዚያ በፊቱም አልተከፈለም፣ ቅጣትም ተጨምሮበታል። ጥገናም እንዲሁ ይወዘፋል።

ውዝፍ ጥገና ማለት ጊዜው ደርሶ ያልተሠራ ጥገና ነው። ዘንድሮ መቀየር የነበረበት ሐዲድ ለከርሞ ሲተላለፍ፣ ከርሞም ሲመጣ ለቀጣዩ ዓመት ሲገፋ፣ የተገፋው ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ውዝፍ ይባላል። የውሃ ሂሳብ ሲወዘፍ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ሲብስም ቆጣሪው ይነሳል። ለዚህኛው ዕዳ ግን ማስጠንቀቂያ የሚልክ የለም። ባቡሩ ዛሬም ይነሳል፣ ነገም ይነሳል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 600 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር አለን እንበል። የሐዲዱ ዕድሜ 30 ዓመት ቢሆን፣ መስመሩን ባለበት ጤና ለማቆየት ብቻ በየዓመቱ በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። በጀት አጠረና 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀየርን። 15ቱ ተወዘፈ። በዚሁ ከቀጠልን በአሥር ዓመት ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የመስመሩ ሩብ፣ ዕድሜው ያለፈበት ሐዲድ ይሆናል። ድልድዩ፣ ፉርጎው፣ ሎኮሞቲቩ፣ የምልክት መብራቱ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ወደ ሐዲዱ ጠጋ ብለን እንይ። በቆዩ መስመሮች ሁለት ሐዲዶች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት በግራና በቀኝ በተደረገ ብረት ነው። ብረቱ በቡሎን ይታሰራል። አንድ ዳዶ ላላ እንበል። በቁልፍ አንዴ ጠበቅ ቢደረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሳይጠብቅ ሲቀር ግን የሐዲዱ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ የባቡር ጎማ እዚያ ሲደርስ እንደ መዶሻ ይመታዋል። በምቱ ብዛት ከሥሩ ያለው ጠጠር ይፈጫል፣ ዱቄቱ ዝናብ ሲያገኘው ጭቃ ይሆናል። ጭቃ ደግሞ ሐዲድ አይሸከምም። ስለዚህ መገጣጠሚያው የበለጠ ይሰምጣል፣ ምቱም የበለጠ ይበረታል። ከጊዜ በኋላ ብረቱ ራሱ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በአንድ ቁልፍ የሚያልቀው ሥራ አሁን ክሬን፣ አዲስ ሐዲድ፣ አዲስ ጠጠርና የመስመር መዘጋት ይፈልጋል። አበው "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሐዲዱ ሲታመም ባቡር ድርጅቱ መጀመሪያ የሚወስደው እርምጃ ጥገና ሳይሆን የፍጥነት ገደብ ነው። "እዚህ ቦታ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትነዳ" ይባላል። ትክክለኛ እርምጃ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ግን ዋጋ አለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 10 ኪሎ ሜትር በአሥር ደቂቃ ያልቃል። በ20 ሲኬድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ዓይነት ቦታ አሥርና ሃያ ሲሆን ጉዞው በሰዓታት ይረዝማል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለስ የነበረ ሎኮሞቲቭ ሁለት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። ነጋዴው ዕቃውን ወደ ተሳቢ መኪና ያዞራል። ገቢ ይቀንሳል። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው በጀት ምን ይመስላችኋል? ጥገና። አዙሪቱ ይህ ነው። አንዴ ከተገባበት በራስ ገቢ መውጣት በጣም ያስቸግራል።

ይህን አዙሪት ለማየት ከአገራችን ርቀን መሄድ የለብንም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የጅቡቲ መስመር ሥራ የተጀመረው በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከተማዋም ከባቡሩ ጋር ተወለደች። ሥራውን የጀመረው ኩባንያ ከስሮ፣ በሌላ ተተክቶ፣ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ አንድ ሜትር የሆነ መስመር ነበር። ለገሃር የሚለው የሰፈራችን ስም ራሱ በፈረንሳይኛ "ጣቢያው" ከሚለው የመጣ ነው። ያ ባቡር ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ዋና የባሕር በር መንገድ ሆኖ አገልግሏል።

ከዚያ ተወዘፈ። በአንድ ቀን አይደለም። የመኪና መንገድ እየተስፋፋ መጣ፣ የአሰብ ወደብም ጭነቱን ተሻማው። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በጃንዋሪ 1985 አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ከሐዲድ ወጣ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ሐዲዱ እያረጀ፣ ሎኮሞቲቮቹ እየቆሙ፣ መለዋወጫ እየጠፋ ሄደ። የድሬዳዋ ጋራዥ ሠራተኞች በገበያ ያልተገኘውን ዕቃ ቶርኖ ላይ ራሳቸው እየሠሩ ባቡሩን ያስኬዱት ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን የሠራተኛ ብልሃት ዕዳውን ያዘገያል እንጂ አይከፍለውም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ 1998 ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ማለት ይቻላል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ ደግሞ የባቡሩ ጫፍ ናት። አንድ የባቡር ድርጅት በመቶ ዓመት አንዴ የማያገኘው ዕድል ነው! ጭነቱ ደጁ ድረስ መጣለት። ባቡሩ ግን መሸከም አልቻለም። ብዙው ጭነት በከባድ መኪና ተጫነ፣ የጅቡቲ መንገድ በተሳቢ ተጨናነቀ። ባቡሩን ያሸነፈው የመኪናው ጉልበት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ያልጠበቁት ዳዶዎች፣ ያልተቀየሩት ሐዲዶች፣ ያልተገዙት መለዋወጫዎች ናቸው ያሸነፉት። በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የእድሳት ሥራ ቢጀመርም ሩቅ አልሄደም። በ2000ዎቹ መጨረሻ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር ቆመ።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ እንግሊዝን ይይ። በኦክቶበር 2000 ሃትፊልድ በተባለ ቦታ በሙሉ ፍጥነት የሚበር ባቡር ከሥሩ ያለው ሐዲድ ከ300 በላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሰባበረበት። አራት ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ ቀድሞ ታውቆ ነበር። እንዲያውም የሚተካው አዲስ ሐዲድ መጥቶ እዚያው ከመስመሩ ጎን ተጋድሞ ለወራት ተቀምጧል። የገጠመው ግን የለም። ከአደጋው በኋላ በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ፣ የባቡር አገልግሎቱ ለወራት ተመሰቃቀለ። ሐዲዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሬልትራክም በዓመቱ ከሥሮ በሌሎች አስተዳደር ሥር ገባ።

ጀርመንም አላመለጠችም። በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቿ በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ከፍራንክፈርት ማንሃይም የሚወስደውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ለአምስት ወር ሙሉ በሙሉ ዘግተው ሐዲዱንም፣ ምልክቱንም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንም አንድ ላይ አደሱት። በአገሪቱ ሥራ ከሚበዛባቸው መስመሮች አንዱ ነው። መዝጋቱ ያማል። ሌላ መንገድ ግን አልነበራቸውም።

ታዲያ ሁሉም እያወቀው ለምን ይወዘፋል? አንደኛው ምክንያት ጥገና ሪባን የሚቆረጥበት ነገር አለመሆኑ ነው። አዲስ ጣቢያ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳበታል። የጠበቀ ቡሎን ማንም አይመርቅም። ሁለተኛው የገንዘቡ ዓይነት ነው። ለአዲስ ግንባታ አበዳሪ ይገኛል፣ ለዓመት ዓመት ጥገና ግን ከራስ ኪስ ነው የሚወጣው። እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ብሩ ቢኖር እንኳ ዶላሩ ላይገኝ ይችላል።

ሦስተኛ ነገር አለ፣ ብዙ አይወራበትም። እውቀትም ይወዘፋል። ሐዲዱን በጆሮው የሚያውቅ አንጋፋ ሠራተኛ ወጣት ሳያሠለጥን ጡረታ ሲወጣ፣ ያ ያልተቀየረ ሐዲድ ማለት ነው። በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ ላይ ግን አይታይም።

አዲሱ የጅቡቲ መስመራችን በኦክቶበር 2016 ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 2018 ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ የሐዲዱ ስፋትም 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። የኃይል መቆራረጥ፣ ሐዲድ ላይ የሚገቡ ከብቶችና የሚሰረቁ ዕቃዎች ፈትነውታል። ሥራውን በኮንትራት ይመሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2024 ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን አስረክበው ወጡ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቡሎኑን ማጥበቅ የእኛ ሥራ ነው።

አንድ ቁጥር እዚህ ላይ ልጨምር። ለመስመሩ የተወሰደው የቻይና ብድር መጀመሪያ በ10 ዓመት ይከፈል ተብሎ ነበር። በ2018 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። እፎይታ ነው። ነገር ግን 30 ዓመት የብዙ የባቡር ዕቃ ሙሉ ዕድሜ ነው። ጥገናው ከተወዘፈ የማይሄድ ባቡር ዕዳ እየከፈልን እንቀመጣለን፣ ሁለት ዕዳ በአንድ ራስ። ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ይዞ ተነስቶ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በመለዋወጫ እጥረት ከግማሽ በላይ የሆኑት የቆሙበት ጊዜ መጣ። በየፌርማታው ተሰልፎ የጠበቀ ሰው የውዝፍን ትርጉም ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ባቡርን ማዘመን ሲባል ብዙዎቻችን ፈጣን ባቡርና የሚያብረቀርቅ ጣቢያ ይታየናል። የእኔ እምነት ሌላ ነው። ማዘመን የሚጀምረው ውዝፉን ከመቁጠር ነው። እያንዳንዱ ድልድይ፣ እያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ሞተር መቼ እንደተገጠመና መቼ መቀየር እንዳለበት የተጻፈበት መዝገብ ያስፈልጋል። ዛሬ ሐዲድ ላይ እየሄዱ በድምፅ ሞገድ የውስጥ ስንጥቅ የሚፈልጉ መሣሪያዎች አሉ፣ ዓይን የማያየውን ያያሉ። የሰመጠ ሐዲድ አንስተው ጠጠሩን ከሥሩ የሚጠቀጥቁ ማሽኖችም አሉ። መግዛቱ አንድ ነገር ነው። በየወሩ ማሠራትና ያገኙትን ችግር በሰዓቱ መሥራት ሌላ ነው። ሃትፊልድ ላይ የጎደለው ሁለተኛው ነበር።

በጀቱም ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የጥገና ገንዘብ ከደመወዝና ከነዳጅ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ከገባ፣ በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ቶን ጭነት የተወሰነው ወደማይነካ የጥገና ሂሳብ ቢገባ፣ ባቡሩ በሠራ ቁጥር ለራሱ ሐኪም ይቆጥባል። መለዋወጫውን ቢያንስ በከፊል አገር ውስጥ ማምረትም ይቻላል። የድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ያለ ዘመናዊ ማሽን ያደረገውን፣ ዛሬ በተሻለ መሣሪያ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

የድርጅቱ ሪፖርት ሲወጣ ስንት ሺህ ቶን እንደተጫነና ስንት መንገደኛ እንደተጓዘ እንሰማለን። ጥሩ ነው። ከዚያ ቀጥሎ መጠየቅ ያለባቸው ጥቂት ቁጥሮች ግን አሉ። በመስመሩ ላይ ዛሬ ስንት ቦታ የፍጥነት ገደብ ተጥሏል? ካሉት ሎኮሞቲቮች ዛሬ ጠዋት ስንቱ ተነሱ? ዘንድሮ ሊሠራ ታቅዶ ለከርሞ የተላለፈው ጥገና ምን ያህል ነው? አዲሱ መስመር ከተመረቀ አሥር ዓመት እየሞላው ነው። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጥገናዎች ተራቸው የሚደርሰውም በዚህ ዕድሜ አካባቢ ነው።