ኪስ ውስጥ ያለውን ሳንቲም መለየት፦ ከስትሮክ በኋላ ለእጅ የሚሰጥ የመዳሰስ ሥልጠና

ስትሮክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አልንቀሳቀስ ያለ እጅና እግር ነው። ግን ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሌላም ነገር ይጎድልባቸዋል፤ የመዳሰስ ስሜት። ጣታቸው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ኪስ ሲገባ ግን ቁልፉን ከሳንቲሙ አይለይም። የያዙት ዕቃ ዞር ሲሉ ያመልጣቸዋል። ዐይናቸውን ሲጨፍኑ እጃቸው የት እንዳለ የሚጠፋባቸውም አሉ። የመዳሰስ ሥልጠና የሚባለው እንዲህ ያለ እጅ የነካውን ነገር እንዲያውቅ እንደገና ማስተማር ነው። ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ጎን ለጎን ይሰጣል።

ቆዳው ምንም አልሆነም። መዳፍና ጣቶች ላይ ወደ 17,000 የሚጠጉ ንክኪ ተቀባዮች አሉ። መልእክታቸው በነርቭና በሕብለ ሰረሰር አልፎ ከእጁ በተቃራኒ ወዳለው የአንጎል ክፍል ይሄዳል። ስትሮኩ ያንን ክፍል ወይም ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ሲመታ መልእክቱ አይደርስም። ስልኩ ደህና ነው፤ ኔትወርክ የለም።

ስሜት የሌለው እጅ ጡንቻው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ብዙ አይረባም። ስዊድን ኡሜዮ ውስጥ የሮላንድ ዮሃንሰን ላቦራቶሪ ይህን በክብሪት አሳይቷል። አንዲት ሴት ክብሪት ትለኩሳለች፤ ቀላል ነው። ከዚያ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ማደንዘዣ ይደረግና እንደገና ትሞክራለች። እንጨቱ ይወድቃል። ታነሣዋለች፤ እንደገና ይወድቃል። ዐይኗ እያየ፣ ጡንቻዋም እየሠራ ጣቶቿ ግን የያዙትን አያውቁም።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ታውብ ደግሞ በዝንጀሮዎች ላይ ሲመራመር ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ስሜት አቀባይ ነርቩ የተቆረጠ ክንድ መንቀሳቀስ እየቻለ እንስሳው ጨርሶ ይተወዋል። ታውብ ይህን በልማድ የመጣ አለመጠቀም ብሎታል። እኛ ቤት ይህ ልማድ ቶሎ ይሰድዳል። ታማሚው በሰው እጅ ይጎርሳል፣ እጁ ይታጠብለታል፣ የልብሱ ቁልፍ ይቆለፍለታል። ከፍቅር ነው፤ የደከመው እጅ ግን በዚያው ሥራ ይፈታል።

ሥልጠናውን ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች መካከል አውስትራሊያዊቷ ሊያን ኬሪ ትጠቀሳለች። ሜልበርን ውስጥ ያዘጋጀችው መርሐ ግብር ሴንስ ይባላል። ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ሸካራና ለስላሳ መለየት፣ እጅ በምን አቅጣጫ እንዳለ ሳያዩ ማወቅ፣ ዕቃን በመዳሰስ ብቻ መለየት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዐይን ይጋረዳል። ፊት ለፊት ሦስት ንጣፎች አሉ እንበል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ለየት ይላል። ታማሚው ጣቱን ቀስ እያደረገ ይዳስስና ይገምታል። ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሥልጠናው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። መጋረጃው ይነሣል፤ የነካውን እያየ እንደገና ይዳስሰዋል። በደህናው እጁም ይሞክረዋል፤ ትክክለኛው ስሜት ምን እንደሚመስል የሚነግረው እሱ ነውና። ከዚያ ዐይን ተጋርዶ በደከመው እጅ ይደገማል። ልዩነቱ መጀመሪያ ጎልቶ ይወጣል፤ እያደር ይጠብባል። «ጎበዝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው ምን እንደሳተ መስማት አለበት። የንጣፉና የዕቃው ዓይነትም ይለዋወጣል። ያለዚያ እጁ የለመደው ያንኑ ብቻ ይሆናል።

ኬሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት 50 ሰዎችን ይዟል። እያንዳንዱ ሥልጠና አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን 10 ጊዜ ተሰጠ። የሠለጠኑት ሰዎች መሪ ሳይኖራቸው ዕቃ ዝም ብለው ከነካኩት የበለጠ ተሻሻሉ። ለውጡም ከ6 ወር በኋላ አልጠፋም። ከዚያ በፊት፣ በ1993፣ ዬኩቲኤልና ጉትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ስትሮኩ ከያዛቸው ሁለት ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች አሠልጥነው መሻሻል አይተዋል። «ዓመት አልፎታል፣ በቃ» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም።

ነገሩ ተአምር አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2010 ያወጣው ግምገማ 13 ጥናቶችን፣ በድምሩ 467 ሰዎችን አይቶ ማስረጃው ገና በቂ አይደለም ብሏል። በኤሌክትሪክ፣ በንዝረት ወይም በሙቀትና በቅዝቃዜ እጅን መቀስቀስም ይሞከራል፤ ታማሚው ራሱ ግን የሚገምተው ነገር የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ላይ ቅርብ የሆነው ባለሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም ታማሚ የዕለት ተዕለት ሥራውን እንደገና እንዲሠራ የሚያግዝ ባለሙያ ነው፤ ሙያው ገና ለጋ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ዕቃው ግን ከጓዳ አይጠፋም። ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ሩዝ ወይም ጤፍ ይፈስሳል፤ ውስጡ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሽንብራ ይቀበራል። ሸካራነት ለመለየት የአናጢ ብርጭቆ ወረቀትና የነጠላ ጫፍ ይበቃሉ። እንጀራ መቁረስ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ምን ያህል እንደጨበጡ ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ መባል አለበት። የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አይነግርም። የሚታጠቡበት ውሃ በደህናው እጅ ይሞከር፤ ትኩስ ሲኒ ለደከመው እጅ አይሰጥ። ማታ ማታም መዳፉን ገልብጦ ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር እንዳለ ማየት ነው።