ዴቢያን «ፍሪዝ» ገባ ሲባል ምን ማለት ነው?

ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ እትም ሊወጣ ሲቃረብ «ፍሪዝ ገባ» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ «መርጋት» ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ሥራው የቆመ ይመስለዋል። እንዲያውም ትልቁ ሥራ ያኔ ነው።

በአዘቦቱ ጊዜ አዲስ የፕሮግራም ጥቅል መጀመሪያ የሚገባው «አንስቴብል» የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ እንደ አጣዳፊነቱ አብዛኛውን ጊዜ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ይቆያል። አዲስ ከባድ ስህተት ካልተገኘበትና የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች ከተሟሉ ወደ «ቴስቲንግ» (የመፈተሻ ክፍል) ያልፋል። የሚቀጥለው እትም የሚወጣው ከዚሁ ከቴስቲንግ ነው። ታዲያ አዲስ ነገር በየቀኑ እየጎረፈ ፍተሻው መቼ ያልቃል? ፍሪዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በሩ ግን በአንዴ አይዘጋም። ዴቢያን 13ን («ትሪክሲ») እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ብዙ ጥቅሎችን አንድ ላይ የሚነካ ትልቅ ለውጥ ተከለከለ። በኤፕሪል ለቴስቲንግ አዲስ የሆነ ጥቅል መግባቱ ቀረ፤ ትንንሽ ጥገና ብቻ ተፈቀደ። ከሜይ ጀምሮ ቁልፍ የሆኑት ጥቅሎች ያለ እትሙ አዘጋጅ ቡድን ፈቃድ ማለፍ አልቻሉም። እዚህ ላይ «አዲስ ቨርዥን ወጥቷል» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው «የትኛውን ስህተት ያርማል?» ነው። እትሙ ኦገስት 9 ወጣ።

ከወጣ በኋላም ልማዱ ይቀጥላል። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጥገናው ብቻ ተነጥሎ በነበረው ቨርዥን ላይ ይጨመራል። ስለዚህ የቨርዥን ቁጥሩን አይታችሁ «ይሄማ ያረጀ ነው» ለማለት አትቸኩሉ።